አራተኛው ጣት

ለአገር ቤት ዘመዶቻችን ደውለን «ሙስ አደን ወጥተን ነበር» ስንላቸው «ሙዝ ደግሞ ይታደናል እንዴ?» ይሉናል። ስለዚህ ከእንስሳው እንጀምር። ሙስ ከአጋዘን ወገን ትልቁ ነው። እዚህ አላስካ ውስጥ ያደገ ወንድ ከ540 እስከ 720 ኪሎ ይመዝናል። ቀንዱ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ሰፊ ሆኖ ዳር ዳሩ ላይ ጣቶች አሉት። ከጉባኤያችን እናቶች አንዷ መጀመሪያ የጠየቁን «ያመሰኳል? ሰኮናውስ ስንጥቅ ነው?» ብለው ነበር። ሁለቱንም አዎ ስንላቸው «እንግዲያው ጥብሱ እንዴት ይሆን?» አሉ። ከአንድ ትልቅ ወንድ 225 ኪሎ ያህል ሥጋ ይገኛል። ክረምቱ ረጅም፣ የበሬ ሥጋ ውድ በሆነበት በዚህ አገር ይህ ለሦስት አራት ቤተ ሰብ የክረምት ቀለብ ነው።

እኛ የምናድነው በፓክሰንና በካንትዌል መካከል 217 ኪሎ ሜትር በሚዘረጋው በዴናሊ መንገድ አካባቢ ነው፤ መንገዱ አብዛኛው ጠጠር ነው። ወቅቱ ከሴፕቴምበር 1 እስከ 20 ነው። እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ዐሥር ቀን እንኳ አይቆይም። ታክሲ የሚነዳ፣ ሆስፒታል የሚሠራ፣ ጉባኤ የሚያገለግል ሰው ፈቃድ እስኪያገኝ ወቅቱ ያልቃል። ያን ዓመትም አራት ሆነን የወጣነው የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ይዘን ነበር።

ዘግይቶ መውጣት ጥቅም አለው። ቅጠሉ ስለሚረግፍ በአኻያው ውስጥ የቆመ እንስሳ ይታያል። (መዝሙረኛው በባቢሎን ወንዞች አጠገብ የሚያነሣው አኻያ ነው፤ እዚህ ግን ቁጥቋጦ ነው፣ ሙስም ይመገበዋል።) የመራቢያቸው ጊዜ ስለሚቀርብም ወንዶቹ ጥንቃቄያቸውን ይተዋሉ፤ ጥሪ ሰምተው ይመጣሉ። ብዙ ዓመት ያደኑ አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ የደረቀ የትከሻ አጥንት ሰጥተውናል። በቁጥቋጦ ላይ ሲፋቅ ሌላ ወንድ ቀንዱን የሚያሽ ይመስላል። ትንሽ ከፋቁ በኋላ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ለሰባኪ ከባዱ ክፍል ይህ ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ልብ ውስጥ ነው። በዚያ አካባቢ ያገኙትን ወንድ ሁሉ መግደል አይቻልም። ከአንዱ ወገን ቀንዱ ገና አንድ ወይም ሁለት ጫፍ ብቻ ያለው ወጣት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የቀንዶቹ ወርድ 50 ኢንች (127 ሴንቲ ሜትር) መሙላት ወይም በአንዱ ወገን በግንባሩ በኩል ወደ ፊት የሚወጡት ጣቶች አራት መሆን አለባቸው። ሕጉ የወጣው መካከለኞቹ ወንዶች ለዘር እንዲተርፉ ነው። በመጀመሪያው ቀን አዳኝ ጣት የሚቆጥረው በዓይኑ ነው። በመጨረሻው ምሽት ግን ምኞቱ ይቆጥርለታል።

በ20ኛው ቀን፣ ምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አጥንቱን ከፋቅን ሁለት ሰዓት ሆኖን ሳለ ወንዱ ያለ ኮሽታ ከጥዶቹ መካከል ወጣ። መቶ ሰማንያ ሜትር ያህል ይርቃል። ጠመንጃው በታናሽ ወንድማችን እጅ ነበር፤ የአደን ፈቃዱም በእርሱ ስም ነው። «መጋቢ፣ ስንት ነው?» አለ በሹክሹክታ። «አራት» አልን።

እዚህ ላይ «እኛ» ማለት ጥሩ መደበቂያ ነው። መነጽሩ በማን እጅ ነበር? በመጋቢው እጅ ነበር።

አንድ ጥይት በቃው። ደርሰን በባትሪ ብርሃን ስናይ የግንባር ጣቶቹ ሦስት ነበሩ፤ በሌላውም ወገን ሦስት። አራተኛው ከጀርባው የቆመ የደረቀ የጥድ ቅርንጫፍ ኖሯል። ሜትሩን ዘረጋን፤ 46 ኢንች። እንደገና ለካን። ሜትሩን ይበልጥ ብናጠብቀው ያድግ ይመስል ሦስተኛም ጊዜ ለካን።

ስልክ በዚያ አይሠራም። ሰው የለም። ከእኛ አንዱ «ድብና ቁራ በሁለት ቀን ይጨርሱታል» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስለ ታናሹ ፈርቶ ነው። ታናሹ የዜግነት ማመልከቻ ያስገባው በዚያው በጋ ነበርና በስሙ ክስ ቢመዘገብ ምን እንደሚሆን ማናችንም አናውቅም ነበር። እኛ መጋቢዎች ስለ እውነት ብዙ እንሰብካለን። ያን ምሽት ግን መልስ ሳንሰጥ እጃችንን በበረዶ ውኃ ስንታጠብ ቆየን።

የተናገረው ታናሹ ነው። «መጀመሪያ ሥጋው እንዳይበላሽ እናንሣው፤ ከዚያ እንደውል» አለ። ሌሊቱን ስንገፍና ስንበልት አደርን። ቀንዱ ከሥጋው ቀድሞ እንዲወጣ ሕጉ አይፈቅድምና ብልቱን በሙሉ ካወጣን በኋላ በመጨረሻው ጉዞ ያን 46 ኢንች ተሸከምነው። ሲነጋ ስልክ ወደሚሠራበት ነድተን ራሳችንን አስመዘገብን።

የመጣው ፖሊስ ለካ፣ ጻፈ፣ ስለ ደወልን አመሰገነን፤ ሥጋውን ወሰደ። ቅጣቱ ከፈራነው ቀለል ያለ ነበር። ገንዘቡን የከፈለው መጋቢው ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን የታናሹ ስም ነው፤ እሱን በገንዘብ መለወጥ አልተቻለም። ከስምንት ወር በኋላ በዜግነት ቃለ መጠይቁ ላይ ሳይጠየቅ ራሱ አንሥቶ ነገራቸው። ውጭ መኪና ውስጥ ስንጠብቀው ደቂቃው አልሄድ ብሎን ነበር። ሲወጣ እየሳቀ ነበር። ጌታ ይመስገን።

ሥጋው ለበጎ አድራጎት ተሰጠ። ለማን እንደ ሆነ አልጠየቅንም፤ ግን እንገምታለን። በክረምት መኪና የገጨው ሙስ ሲኖር በዝርዝሩ ላይ ላሉ አብያተ ክርስቲያናትና ድርጅቶች ይደወላል። የእኛም ጉባኤ ተመዝግባለች፤ በሌሊት 9 ሰዓት ቢላዋ ይዘን በመንገድ ዳር በብርድ የቆምንባቸው ጊዜያት አሉ። ያን ሥጋ ስንበላ ከማን እጅ ወጥቶ ይሆን ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

በቀጣዩ ዓመትም የወጣነው ዘግይተን ነው፤ ሰው አይማርም። በመጨረሻው ምሽት፣ ያንኑ አጥንት ፍቀን ስንጠብቅ፣ ሌላ ወንድ ወደ አኻያው ዳር ወጣ። መነጽሩ በዚህ ጊዜ በታናሹ እጅ ነበር። ብዙ ቆየ። «ሦስት» አለ። «እርግጠኛ ነህ?» አልነው፤ እንዲህ ብለን መጠየቃችን ዛሬም ያሳፍረናል። «አራተኛው ይኖራል፤ ግን አላየሁትም» ብሎ መነጽሩን አወረደ። ወንዱ ራሱን ነቅንቆ፣ እኛ ወዳለንበት ጥቂት ተመልክቶ፣ ወደ ጥዶቹ እስኪገባ ድረስ ተቀምጠን አየነው።

ባዶ ማቀዝቀዣ ይዘን እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደረስን። እኚያ እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «ሙዙስ?» አሉን።