ያልመለስኳት ስፒከር

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ጉዳዩ የመኪና ቴፕ ነው። ቴፕ ብቻ ግን አይደለም። በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ መጨረሻው ላይ ለእናንተ የምለው አለኝ።

እኔና ባለቤቴ እቁብ ጥለን፣ ተበድረን፣ ዘመድ አስቸግረን አንዲት አሮጌ ቪትዝ መግዛታችንን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። መኪናዋ በገባች ማግስት ሸገርን ልሰማ ሬዲዮኑን ብከፍተው ቁጥሩ 90 ላይ ሲደርስ ወደ 76 ይመለሳል። ወደ 102.1 አልሄድ አለኝ። የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ግን ደህና ነው። ጃፓን አገር ኤፍኤም ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርትዝ ባለው ውስጥ ነበር፤ የእኛዎቹ እነ 97.1፣ 98.1፣ 102.1 ከዚያ በላይ ናቸው። መቀየሪያ የምትባል ትንሽ ዕቃ አንቴናው ላይ ታስገብታላችሁ። 18 ሜጋኸርትዝ የምትቀንሰውን ከሆነ ያስገባችሁት 102.1ን 84.1 ላይ ታገኙታላችሁ። በጥቂት ብር ያልቅ ነበር።

እኔ ግን በጥቂት ብር አልጨረስኩም። አንድ ዲኮር ቤት ገባሁ። ሻጩ “ቲቸር፣ ይሄንን አውጥተን በቃ አዲስ ቴፕ እንግጠምልህ፣ 4 በ50 ዋት ነው” አለኝ። ቀጥሎ ስፒከር፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየር፣ ቀጥሎ ከኋላ የሚቀመጥ ሳብውፈር። የሁለት ወር ደሞዜ ሄደ። እንዳትስቁብኝ፤ ሰው ከስንት ዓመት ሚኒባስ ወረፋ በኋላ መኪና ሲይዝ ትንሽ ይሰክራል። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ገጥመው ሸኙኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ መግባቴን ከሩቅ ያውቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጆሮዬ ይታዘበኝ ጀመር። ቤዙ ግው ግው ይላል፣ ግጥሙ አይሰማም። ነዳጅ ስረግጥ ከስፒከሩ “ሲይይይ” የሚል ድምፅ አብሮ ይወጣል። ማታ ማታ ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ደብዘዝ ይላል። ባለቤቴ አንድ ቀን አዳምጣ አዳምጣ “ዘፋኙን ጉንፋን ይዞታል እንዴ?” አለችኝ። ድምፁን ጨመርኩት። ጉንፋኑ ባሰበት።

ከዚያ አንድ እሑድ ወደ ሰንዳፋ ስንሄድ ላስቲክ ላስቲክ የሚል ሽታ መጣ። ከውጪ ነው ብዬ መስኮት ዘጋሁ። ወዲያው ከክሩስኮቱ ሥር ጭስ ወጣ። ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ ነበሩ። እንዴት እንደቆምኩ፣ እንዴት እንዳወጣኋቸው አላስታውስም። አንድ የሲኖ ሹፌር ከኋላችን ቆሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ በ10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታልኝና ጭሱ ቆመ። ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ሽቦ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ በባዶ የብረት ቀዳዳ ነው ያለፈው። መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ብረቱ ላስቲኩን እየላጠ ቆይቶ መዳቡን ነካው። ሹፌሩ ሽቦውን ተከትሎ እስከ ባትሪው ሄደና “ፊውዝ የለውም እኮ! ማነው የገጠመልህ?” አለኝ።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ሾርት ሰርኪዩት ምን እንደሆነ ቦርድ ላይ ሥዬ ፊውዝ ለምን እንደሚያስፈልግ አስረዳለሁ። ፈተና ላይም ይወጣል። ለገዛ መኪናዬ ግን ኮፈን ከፍቼ ለማየት አላሰብኩም። ሌሊቱን አልተኛሁም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ “ጎተራ አካባቢ አንድ ልጅ አለ፣ ኮንቴነር ውስጥ ነው የሚሠራው፣ እሱ ጋ ውሰዳት” አለኝ። ወሰድኳት። ከኮንቴነሩ ውስጥ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የወጣው ጎረምሳ ሲያየኝ ክው አለ። “ቲቸር!”

ስሙን አልጽፍም፤ አልፈቀደልኝም። በ2006 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ከኋላ ወንበር ይቀመጥ ነበር። ማትሪክ ነጥቡ ለፕሪፓራቶሪ አልበቃውም፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እኔ ስለ እሱ የማስታውሰው አንድ ነገር ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼ ስጽፍ ቀጭን ሙዚቃ ተሰማኝ። ከተሰበረ ቴፕ ያወጣትን ስፒከር በጫማ ካርቶን ገጥሞ፣ ሽቦዋን ስልክ ላይ ቀጥሎ እየሞከራት ነበር። ቀማሁት። “በዚህ ዓይነት ቴፕ ጠጋኝ ሆነህ ነው የምትቀረው” አልኩት፤ ክፍሉ ሳቀ። ስፒከሯን የዓመቱ መጨረሻ እመልስልሃለሁ ብዬ ቁምሳጥን ውስጥ ከተትኳት።

ወደ ቪትዟ ልመለስ። የጠገበ የሚመስለውን ወፍራም የኃይል ሽቦ አወጣና በቢላ ላጠው። ጣት የሚያክለው ላስቲኩ ነው። ውስጡ ያለው ቤት ውስጥ መብራት ከምንዘረጋበት ባለ 1.5 ሽቦ አይበልጥም። ክሮቹን በቢላው ጫፍ ሲፍቃቸው ደግሞ ነጭ ሆኑ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። “ቲቸር፣ ይሄንን እርስዎ ያስሉት” አለኝ።

አሰላሁት። አምፕሊፋየሩ ሙሉ ኃይሉን 250 ዋት ሲያወጣ፣ ብክነቱ ተጨምሮ፣ ከባትሪው 23 አምፒር ገደማ ይስባል። ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ 8 አምፒር አካባቢ ነው የሚፈልጉት። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 1.5 ሽቦ ንጹህ መዳብ ቢሆን እንኳ ሬዚስታንሱ 0.057 ኦም ነው። 23 በ23፣ ከዚያ በ0.057 ስታባዙት 30 ዋት ይመጣል። ይሄ 30 ዋት ሙዚቃ አይደለም፤ ምንጣፍ ሥር፣ ልጆቼ እግር አጠገብ የሚወጣ ሙቀት ነው። 1.3 ቮልቱም መንገድ ላይ ይቀራል። ባለ 10 የመዳብ ሽቦ ቢሆን ብክነቱ ከ5 ዋት በታች ነበር።

“4 በ50” የተባለውን ቴፕም እዚያው ቆሜ አሰላሁት። ሞተር ሲሠራ የመኪና ቮልቴጅ 14.4 ገደማ ነው። ቴፑ ውስጥ ቮልቴጅ ማሳደጊያ ከሌለ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ሊያወጣ የሚችለው ትልቁ ንጹህ ኃይል 14.4ን በራሱ አባዝታችሁ ለ8 ስታካፍሉት የሚገኘው ነው፤ 26 ዋት። ብክነቱ ሲነሳለት 20 አካባቢ። ከዚያ በላይ ስትጨምሩት የድምፁ ሞገድ ጣሪያ ይመታና ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል። ዘፋኙን ጉንፋን ያስያዘው እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 50 ለካርቶኑ ነው።

ልጁ በዚህ መሃል አንዲት የሰዓት ባትሪ፣ 1.5 ቮልቷን፣ የፊት በር ስፒከሮች ሽቦ ላይ ነካ ነካ አደረጋት። የቀኙ ስፒከር ወደ ውጪ ገፋ፣ የግራው ወደ ውስጥ ገባ። “አንዱ ተገልብጦ ነው የተገጠመው። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል” አለኝ። ገልብጦ ቀጠለው። የበሩን ውስጠኛ ቀዳዳዎችም ደፈናቸው፤ ስፒከር ከፊቱ የሚገፋውና ከኋላው የሚስበው አየር ከተገናኘ ቤዝ የለም፤ ወናፍ ቀዳዳ ካለው እንደማያነፋው ማለት ነው።

“ሲይይይ” የሚለው ድምፅስ? “ማሳው ነው” አለ። እኔ ማሳ ሲባል የጤፍ ማሳ ነው የሚታየኝ፤ እነሱ ግን የመኪናዋን አካል ኔጌቲቭ ማሳ ነው የሚሉት። የድሮው ገጣሚ የአምፕሊፋየሩን ኔጌቲቭ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነው ያሰረው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ብረቱን አበራው፤ አጭር ወፍራም ሽቦ አድርጎ በብሎን አጠበቀው። የድምፁን ሽቦ በአንድ ጎን፣ የኃይሉን በሌላ ጎን አሳለፈ። ቀዳዳው ላይ ላስቲክ አስገባ። ፊውዙንም ከባትሪው አንድ ክንድ ሳይርቅ ገጠመው። “ፊውዝ ለአምፑ አይደለም ቲቸር፤ ለሽቦው ነው። አምፑ ጋ ቢቀመጥ ከባትሪው እስከ አምፑ ያለውን ማን ይጠብቀዋል?” አለኝ። ቀጥ ብዬ አየሁት። እኔ ክፍል ውስጥ እንዲህ አድርጌ ተናግሬው አላውቅም።

መጨረሻ ላይ የአምፕሊፋየሩን ጌን ሊያስተካክል ቴስተሩን አወጣ። የኮንቴነሩ ግድግዳ ላይ በእጅ የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋለች፤ “4 ኦም” ትላለች ከላይ። ለ100 ዋት 20 ቮልት፣ ለ150 ዋት 24.5፣ ለ250 ዋት 31.6። ከየት አመጣኸው አልኩት። “ዋትን በኦም አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት ነው። እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩኝ?” አለ ሳያየኝ፣ ዓይኑ ቴስተሩ ላይ ነው። ለዚያ ፈተና ስንት እንደሰጠሁት አላስታውስም። ብዙ ግን አይመስለኝም።

ከዚያ ሳቅ ብሎ “ግን ቲቸር፣ ያቺን ስፒከሬን አልመለሱልኝም” አለ።

ሳቅ ብሎ ነው ያለው። እኔ ግን የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ከ10 ዓመት በላይ አልፏል፤ እኔ ረስቻታለሁ፣ እሱ አልረሳትም። “የእናቴ ቴፕ ነበረች” አለኝ። “ተሰብራ ስትጣል ነው ያወጣኋት።” ይቅርታ ጠየቅኩት። “ኧረ ምንም አይደል፣ ያኔ ልጅነት ነው” አለ። የእሱ ልጅነት ነበር፤ እኔ ግን ልጅ አልነበርኩም።

ሁሉ ካለቀ በኋላ የማህሙድ አህመድን ዘፈን ከፈተልን። ድምፁ ከድሮው ያነሰ ነው፤ አልጮኸም። ግን ቤዝ ጊታሩ የት እንዳለ ትሰማላችሁ፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ትሰማላችሁ። ማታ ባለቤቴ ገብታ ተቀመጠችና ዝም ብላ አዳመጠች። “አሁን ለቀቀው” አለች።

ቴፕ ልትቀይሩ ለምታስቡ በአጭሩ ልንገራችሁ። ገንዘባችሁ ካነሰ ሳብውፈሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ የፊት ሁለት ስፒከሮች ግዙና በሩን አስደፍኑ። ዋቱን ስትጠይቁ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ሳይሆን አርኤምኤስ የሚለውን ፈልጉ። ሽቦውን ከመግዛታችሁ በፊት ላጡት፣ ፋቁት። ገጣሚው ሲጨርስ ኮፈኑን አስከፍታችሁ “ፊውዙን አሳየኝ” በሉት። ካላሳያችሁ ቁልፉን አትቀበሉ፣ ልጆቻችሁንም አታስገቡ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሄጄ ቁምሳጥኑን ከፈትኩት። ስፒከሯ የለችም። ክፍሉ ሲታደስ የተጣለች ይመስለኛል። ያገኘሁት ሌላ ነው፦ አምስት የጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ ካልኩሌተር፣ ከአሻንጉሊት የወጣ ሞተር፣ በክር የታሰረ ማግኔት፣ ከሽቦ የተሠራች መኪና፣ አንድ በሥዕል የተሞላ ደብተር። ሁሉንም የቀማሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም “የዓመቱ መጨረሻ” ብያቸው ነበር።

ለልጁ ስፒከሯ እንደሌለች ደውዬ ነገርኩት። አንድ ነገርም ለመንኩት፤ እምቢ ብሎኝ ቆይቶ እሺ አለ። ባለፈው ሐሙስ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አንዲት ስፒከርና አንዲት የሰዓት ባትሪ ይዞ 10ኛ ክፍል ገባ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ባትሪዋን ሲነካት ስፒከሯ ገፋ ስትል ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሱ። ተቀመጡ አላልኳቸውም።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ መልእክቴ ይሄ ነው። ከላይ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ የእናንተ የሆነ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወይም ኑና ውሰዱ። ቡና እጋብዛለሁ። ዕቃውን ስትወስዱ ግን ያኔ ሳልጠይቃችሁ የቀረሁትን ንገሩኝ፤ ምን ልትሠሩበት ነበር?