ልጄን አፈናጥጬ ወደ ዲላ

«አባዬ፣ ጅማ ከመሄዴ በፊት በሞተር እማማ ጋ ትወስደኛለህ?»

ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ እራት ላይ ነበርን። እናቷ ልትጎርሰው የነበረውን እንጀራ ወደ ትሪው መለሰች። እኔም ዝም አልኩ። ልጅቷ የ12ኛ ክፍል ውጤቷ መጥቶላት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ነበር። ከቤት ልትወጣ የቀሯት ሦስት ሳምንታት ናቸው። እንደምታውቁት በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አባቱን አብረን እንሂድ ብሎ የሚጠይቀው በስንት አንዴ ነው።

የምንኖረው ሐዋሳ ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ ሥራ የምመላለሰውም በሞተር ነው። ልጄ ሕፃን ሳለች መዋዕለ ሕፃናት የማደርሳት በዚሁ ሞተር ነበር። ከፍ ስትል ግን ከጓደኞቿ ጋር በባጃጅ መሄድ ጀመረች፤ በኋላም ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ እጇ ላይ ስልክ ሆነና ነገራችን «እሺ» እና «ደህና» ብቻ ሆኖ ቀረ። ያለፈው ዓመት ደግሞ ስለ ትምህርቷ ተነጋግረን ጥሩ አልተለያየንም። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

እናቴ ያለችው ዲላ ነው። ከሐዋሳ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ መንገዱም አስፋልት ነው፣ ወደ ሞያሌ የሚወስደው ዋናው መንገድ። በሚኒባስ ብንሄድ ነገሩ ቀላል ነበር። በሞተር ሲሆን ግን ባለቤቴ የምትፈራበት ምክንያት አላት። ታናሽ ወንድሟ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የጓደኛው ሞተር ላይ ተፈናጦ ሲመጣ፣ አመሻሽ ላይ፣ በዝናብ ወደቁ። ነጂው ተርፎ ተነሳ፤ ከኋላ የነበረው የእሷ ወንድም ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል።

ባለቤቴ «አይሆንም» ትላለች ብዬ ስጠብቅ እንዲህ አለች፦ «ሁለታችሁም ቁጭ በሉና ምን እንደምታደርጉ በደብተር ጻፉት። አንብቤ ነው የምወስነው።»

እኔ በልቤ «ዲላ ለመሄድ ደብተር?» ብያለሁ። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ያ ደብተር ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

መጀመሪያ የጻፍነው ቀንና ሰዓት ነው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት መነሳት፤ መንገዱ ከብትና ጋሪ ሳይሞላው ግማሹን መጨረስ። በየ40 ደቂቃው መቆም፣ ውኃ መጠጣት፣ እግር ማፍታታት። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከነጂው ቀድሞ ይደክመዋል፤ ነጂው መሪ ይዟል፣ መንገዱን ያያል፣ ተፈናጣጩ ግን የሚመጣውን ጉድጓድ የሚያውቀው ወገቡ ሲነግረው ነው።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። ሐሙስ ዕለት ሰፈራችን ያለው ወጣት መካኒክ ጋ ወሰድኩት። «ቲቸር፣ ብቻዎን ሲነዱ የሚሞሉትን ንፋስ ይዘው ሰው እንዳይጭኑ» አለኝ። ለካ የሞተሩ መመሪያ ለኋላ ጎማ ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ ለብቻ፣ አንዱ ለሁለት ሰው። ስንት ዓመት ስነዳ አንዱን ብቻ ነበር የማውቀው። የኋላውን ሞላ ጠበቅ አደረገው። ከዚያ ልጄን «ነይ እህቴ፣ ውጪበት» ብሎ ሁለታችንም ሞተሩ ላይ እንዳለን ካቴናውን በጣቱ እየነካ አየ። ሰው ሲቀመጥበት ኋላው ዝቅ ስለሚል ካቴናው ይወጠራል፤ ባዶውን ልክ የነበረው ሲጫን ሊከርር ይችላል። የፊት መብራቱንም ትንሽ ወደ ታች አዘነበለው፤ ኋላው ሲከብድ መብራቱ ቀና ይልና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

ሦስተኛው ልብስ ነው። ለእሷ አዲስ ሄልሜት ገዛሁ። የእኔን አሮጌ ልሰጣት አስቤ ነበር፤ ባርኔጣ ሆኖባት ጭንቅላቷ ላይ ሲዞር ባለቤቴ አየችና ምንም ሳትናገር አየችኝ። በቃ፣ ገበያ ወጣሁ። ጂንስ ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ጃኬት፣ ጓንት። ነጠላዋንና የሻርፗን ጫፍ እንዳታንጠለጥል፣ ካቴናና ጎማ ጨርቅ ይጎትታልና። ስትወጣም ሆነ ስትወርድ በግራ በኩል፣ እኔ «እሺ» ካልኩ በኋላ ብቻ፤ በቀኝ ያለው የጭስ ማውጫ እግር ያቃጥላል።

አራተኛው ጓዝ ነው። እናቷ ለእማማ ብላ ያዘጋጀችው ስኳር፣ ሳሙና፣ ሁለት ሊትር ዘይትና አንድ ትልቅ ዳቦ ነበር። ዳቦው ብቻ ቀረ። ሌላው በአንድ ቦርሳ ሆኖ ዝቅ ብሎ፣ በሞተሩ ጎንና ጎን እኩል ተከፍሎ፣ በላስቲክ ታሰረ። ከፍ ብሎ ከኋላ የታሰረ ዕቃ ፊቱን ያቀልና መሪውን ያንቀጠቅጣል።

አምስተኛውን ልጄ ናት ያመጣችው። ሞተር ላይ ንፋሱ ስለማያሰማ ምልክት ተስማማን። ቀኝ ትከሻዬን አንዴ መታ ካደረገች «ቀስ በል»፤ ሁለቴ ከመታች «ቁም»፤ እጇን ትከሻዬ ላይ ጫን አድርጋ ካቆየች «እይ፣ ያምራል»። ሦስተኛው ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኩም።

ስድስተኛውን ባለቤቴ በራሷ እጅ ጻፈችው፦ «ዝናብ ከጀመረ ትቆማላችሁ። ከ11 ሰዓት በኋላ አትነዱም። የመጣው ይምጣ።» ሁለታችንም ፈረምን።

ዓርብ ማታ ልምምድ አደረግን። ሰፈር ውስጥ ፍሬን ስይዝ ሄልሜቷ የእኔን ሄልሜት ጓ አድርጎ መታው። ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ለመቆም ረዘም ያለ ቦታ እንደሚፈልግ ያን ጊዜ በጀርባዬ ተማርኩ። ስንታጠፍ ደግሞ እሷ ፈርታ ወደ ተቃራኒው ጎን ስትዘም መሪው አልታዘዝ አለኝ። «ወደምንታጠፍበት በኩል በትከሻዬ ላይ አሻግረሽ እይ፤ ሌላ ምንም አታድርጊ» አልኳት። ከሦስት ዙር በኋላ መኖሯን ረሳሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ተነሳን። ቱላን ስናልፍ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በየቤቱ ጓሮ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛ። የቡና መልቀሚያ ጊዜ ነውና ቀይ እሸት ቡና በጆንያ የተሸከሙ ሴቶች በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ፤ በአልጋ የተሰጣ ቡና ከሩቅ ይታያል። የልጄ እጅ ትከሻዬ ላይ ጫን አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ። ሦስተኛዋ ምልክት በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንቴ እንደሰራች አልቆጠርኩም።

አፖስቶ ልንደርስ ስንል ሰማዩ ጠቆረ። በእኛ አገር የመኸር ዝናብ አንዳንዴ ኅዳርን ይነካል። ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር እኔ በሆዴ አሰላሁ፦ ግማሹን መጥተናል፤ እናቴ ቡና አቅርባ እየጠበቀች ነው፤ ካፊያ ነው፣ ያልፋል። ልጄ ሁለቴ መታችኝ።

አንባቢያን ሆይ፣ እውነቱን ልናገር። ያልተሰማኝ መሰልኩ።

ብዙ አልሄድኩም። መቶ፣ ምናልባት ሁለት መቶ ሜትር። ነገር ግን የጭነት መኪኖች ከጥርጊያው ይዘው የወጡት ቀይ ጭቃ አስፋልቱ ላይ ነበር፤ ገና የጀመረ ዝናብ ደግሞ አቧራውንና ዘይቱን ሳያጥብ ያርሰዋልና ከብዙ ዝናብ ይብሳል። ፍሬን ነካ ሳደርግ የኋላው ጎማ እንደ ሳሙና ሸርተት አለ። መልሶ ያዘ። ልጄ እንደገና ሁለቴ መታችኝ፤ አሁን በኃይል። ቆምኩ።

አንዲት እናት ትንሽ ሻይ ቤት አላቸው። «ግቡ የኔ ልጆች፣ ግቡ» አሉን። ከገባን በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። ሻይ ቀረበልን። ልጄ ሄልሜቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ስመታህ አልሰማህም?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ሰምቻለሁ» አልኳት።

«ስለ ትምህርቴም ነግሬህ ነበር። ያኔም ሰምተህ ነበር።»

ባለፈው ዓመት የተጣላነው በዚህ ነው። እኔ ሕክምና እንድትገባ ነበር የምፈልገው፤ ውጤቷም አይከለክላትም። እሷ ግብርና፣ የተክል ነገር፣ የቡና ነገር ትላለች። «እርሻ ለመማር 12 ዓመት?» ብያት ነበር። ያን ቀን የተናገርኩትን ረስቼው ነበር፤ እሷ አልረሳችም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። መሄጃ ስላልነበረኝ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳት። ቡና ላይ ስለሚመጣ በሽታ፣ ስለ ጥላ ዛፍ፣ ጅማ የቆየ የግብርና ትምህርት ቤት እንዳለ፣ ሁሉንም አጥንታ ይዛለች። እኔ የማውቀው የሕክምናውን ብቻ ነበር።

ለባለቤቴ ደወልኩ። ስለ ሁለት መቶው ሜትርም ነገርኳት። ለአፍታ ዝም አለችና «አሁን ቆማችኋል?» አለች። «ቆመናል።» «በሉ እንግዲህ ቁጭ በሉ።»

ዝናቡ አባራ። መንገዱ እስኪደርቅ ጠብቀን፣ በጩኮ አድርገን፣ ዲላ የገባነው 8 ሰዓት ላይ ነው። እናቴ በር ላይ ቆማለች። ሞተሩን አየች፣ ልጄን አየች፣ እኔን አየች። «ይህቺን ልጅ በዚህ ፈረስ አመጣሃት? እግዚአብሔር ይይልህ!» ካለች በኋላ ግን ልጄን አቅፋ አልለቃት አለች። ቡናው ሦስት ጊዜ ተፈልቷል አለች፤ አራተኛውን ጠጣን።

እናቴ ዲላ የገባችው በልጅነቷ ተድራ ነው። ጓሮዋን መትከል ያስተማሯት የጌዴኦ ጎረቤቶቿ ናቸው። ማታ ሊመሽ ሲል ለልጄ ስታሳያት ከኋላ ቆሜ ሰማሁ፦ እንሰቱ ውኃ ይይዛል፣ ቡናው በሥሩ ይጠጣል፤ ብርብራውና ዋንዛው ፀሐዩን ይከላከላሉ፣ ቅጠላቸው ሲረግፍ መሬቱን ያዳብራል። አንዱን ብትቆርጪ ሌላው ይከፋዋል። ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዜናውን በቴሌቪዥን ሰምቼ አልፌው ነበር። ልጄ ግን በስልኳ እየጻፈች ትጠይቃለች፤ አያቷም «ይህቺ ልጅ መሬት ትወዳለች» አለችኝ። መልስ አልሰጠሁም።

እሁድ 4 ሰዓት ላይ ተነሳን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ከፊታችን ያለውን የጭነት መኪና ልቀድም ስጠጋ፣ ትከሻዬን አንዴ መታችኝ። ወዲያው ቀዘቀዝኩ። ከማጠፊያው ወዲያ ከብቶች መንገዱን ሞልተውት ነበር። ሐዋሳ ስንገባ ባለቤቴና ወንድሟ በር ላይ ነበሩ። ወንድሟ ሞተሩን ዞሮ አየና «ጎማውን ለሁለት ሰው ነው የሞላኸው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ በሞተር ውሰዱን ቢሏችሁ፣ ቸኩላችሁ እሺም እምቢም አትበሉ። ደብተር ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከኋላ ያለው ሰው «ቁም» ሲል መቆም እንዳለባችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። እኔ ተስማምቼ ፈርሜም ሁለት መቶ ሜትር አልፌያለሁ።

ልጄ ጅማ በአውቶቡስ ሄደች። በማግስቱ ሞተሩን መካኒኩ ጋ ወሰድኩ። የኋላውን ንፋስ ለአንድ ሰው ወደሚበቃው ቀነሰው።

«ቲቸር፣ ተፈናጣጯስ?»

«ጅማ ገባች።»

«ምን ልትማር?»

«እሷ ትነግረናለች» አልኩት።