ጎዳና መሻገር በሦስት ከተሞች

የአንድን ከተማ ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው ቤተ መዘክሩንና ሐውልቱን ከመጎብኘቱ በፊት ጎዳናውን በእግሩ ቢሻገር ብዙ ነገር ይገለጥለታል። እኛም በካይሮ፣ በሄልሲንኪና በገዛ ከተማችን በአዲስ አበባ የተመለከትነውን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

በካይሮ፣ በታህሪር አደባባይ ዙሪያ፣ በአስፋልቱ ላይ የተቀባው ነጭ መስመር ለጌጥ የተሠመረ ይመስላል። ለሦስት መኪና በተከፈለው ስፍራ አራትና አምስት ይሰለፍበታል። ጥሩምባውም ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት አያርፍም፤ ነገር ግን ነጂዎቹ የሚነፉት በቁጣ ብቻ አይደለም፤ «መጣሁ»፣ «አሳልፈኝ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚባባሉት በእርሱ ነው። እግረኛው እጁን ዘርግቶ፣ ሳይሮጥና ሳያመነታ፣ እርምጃውንም ሳይለውጥ ይገባል፤ መኪናውም እንደ ወንዝ ውሃ ዙሪያውን ያልፋል። እንግዳ ሰው በዚህ ይደነቃል። ይሁን እንጂ ይህ ብልሃት የሚረዳው መኪናው ተጨናንቆ በዝግታ ሲሄድ ነው፤ ሌሊት መንገዱ ሲለቀቅ ያው የተዘረጋ እጅ ማንንም አያቆምም።

በሄልሲንኪ ግን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጁላይ 2024 እስከ ጁላይ 2025 ድረስ አንድ ሰው ስንኳ በመኪና አደጋ አልሞተም። ይህም የሆነው ሕዝቡ ከሌላው የተለየ ፍጥረት ስለ ሆነ አይደለም። ከከተማዪቱ መንገዶች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ማንም በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ተወስኗል። የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመምታት ኃይሉ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ይህ ውሳኔ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን የቅጣቱ ሥርዓት ነው፤ በዚያ አገር ፍጥነትን እጅግ ያለፈ ሰው የሚቀጣው እንደ ገቢው መጠን በመሆኑ፣ ባለጠጋው ቅጣቱን እንደ ጉርሻ ወርውሮ አይሄድም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። «የእኛ ሰው ልማዱን አይተውም» የሚሉትን አንቀበላቸውም፤ በ1956 ዓ.ም. የአገራችን መኪና ሁሉ የግራ መንገዱን ትቶ በቀኝ መሄድ ጀምሯልና። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የታክሲው ነጂ ለባለንብረቱ የሚያገባው የቀን ሒሳብ ስላለበት ይጣደፋል፤ የቀለበት መንገዱ ደግሞ የተሠራው መኪና እንዲፈጥንበት ነው። በመካከሉ ግንብ አለ፤ መሻገሪያ ድልድዩም ከብዙ ስፍራ ሩቅ ነው፤ ደረጃውም ለሽማግሌና ሸክም ላለው ሰው ይከብዳል። ስለዚህ ጎልማሶቹ ግንቡን ይዘልላሉ። ማለዳ ከቅዳሴ የሚመለሱ አሮጊቶች ግን ደረጃውንም ግንቡንም ተመልክተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጅ ልጃቸውን እጅ ጨብጠው፣ መኪናው ጋብ እስኪል ድረስ ከመንገዱ ዳር ይቆማሉ።