እፍኛችን ስንት ኪሎ ነው?



ባለፈው ረመዳን፣ ሲግናል ባለው መስጂዳችን ከዐስር በኋላ ቁርኣን የሚቀራ አንድ ልጅ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ መጣ። የቁጥር መስመር ተሰምሯል፣ በየሩቡ ተከፋፍሏል፣ ከላዩ የኤክስ ምልክቶች ተደራርበዋል። «ኡስታዝ፣ ትልቁ ልኬት የቱ ነው?» አለን። ረጅሙን ክምር አሳየነው። ልጁ አቀርቅሮ ሳቀ። ትልቁ ልኬት በስተቀኝ ጫፍ ብቻዋን የቆመችው ኤክስ ነበረች።

ፈራኢድ ስንቀራ ስድስተኛና ስምንተኛ ስናካፍል ነው ያደግነው፤ ክፍልፋይ አይከብደንም። ይህን ሥዕል ግን አይተነው አናውቅም። ልጁ አስረዳን። እያንዳንዷ ኤክስ አንድ የተለካ ነገር ናት። የቆመችበት ቦታ ልኩ ስንት እንደሆነ ይናገራል። የክምሩ ቁመት ደግሞ ያ ልክ ስንት ጊዜ እንደመጣ ብቻ ነው የሚናገረው።

ዘካተል ፊጥር እየቀረበ ነበርና ለምን በራሳችን አንሞክረውም አልን። አንድ ሷዕ አራት ሙድ ነው፤ ሙድ ደግሞ የመካከለኛ ሰው የሁለት እጁ ሙሉ እፍኝ። ከጀማዓው አሥራ ሁለት ሰዎች ከአንድ ጆንያ ስንዴ አራት አራት እፍኝ ሰፈሩ። ከሱቅ በተዋስነው ሚዛን መዘንን፣ ለቅርቡ ሩብ ኪሎ አጠጋጋን፣ ልጁም ካርቶን ጀርባ ላይ ኤክሱን አስቀመጠ። 1¾ ላይ አንድ፣ 2 ላይ አራት፣ 2¼ ላይ ሦስት፣ 2½ ላይ ሁለት፣ 2¾ ላይ ሁለት። ሁሉም ሲደመር 27 ኪሎ፤ ለአሥራ ሁለት እኩል ቢካፈል 2¼ ይደርሳል። ረጅሙ ክምር ግን 2 ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ልዩነት አንድ ሙሉ ኪሎ! ለሚሰጠው ምንም ላይመስለው ይችላል፤ ለሚቀበለው ግን የአንድ ቀን ምግብ ነው።

1¾ ላይ ብቻዋን የቆመችው ኤክስ የእኛ ነበረች። እጃችን ትንሽ መሆኑን እስከዚያ ቀን አስበነውም አናውቅም።

የአቡ ሐኒፋ ተማሪ አቡ ዩሱፍ መዲና የሄዱበት ታሪክ ትዝ አለን። ኢራቅ ውስጥ የሚያውቁት ሷዕ 8 ረጥል ነበር። በማግስቱ ከሙሃጂሮችና ከአንሷሮች ልጆች ሃምሳ ያህል ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው ከአባትና ከቤተሰብ የወረሱትን ሷዕ በልብሳቸው ሥር ይዘው መጡ። አቡ ዩሱፍ ለኩት። ሁሉም እኩል፣ 5⅓ ረጥል ትንሽ ሲቀረው። የኡስታዛቸውን ልክ ትተው የመዲናውን ያዙ። በልጁ መስመር ላይ ቢሣል ሃምሳው ኤክስ አንድ ቦታ ላይ እንደ ሚናራ ይቆም ነበር። የእኛ አሥራ ሁለቱ አምስት ቦታ ተበትኗል፤ እነሱ የያዙት ዕቃ ነው፣ እኛ የያዝነው እጅ።

ካርቶኑን ለኢማማችን አሳየናቸው። ዝም ብለው አዩትና፣ እህሉ በተለወጠ ቁጥር ክብደቱም ስለሚለወጥ፣ ለጥንቃቄ ስንዴው በነፍስ ወከፍ 2½ ኪሎ እየተመዘነ ይሰጥ አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብለው «ያለፈውስ?» አሉን።

ልጁ አሰላው። ከ2½ ላይ 1¾ ሲነሳ ¾ ኪሎ። እናታችንን ጨምሮ ቤታችን አምስት ነፍስ ነው፤ በዓመት 3¾ ኪሎ። በእጃችን መስፈር ከጀመርን አራት ዓመት ሆኖናል፤ 15 ኪሎ። ገዝተን ከዒድ በፊት ለባለመብቶቹ ሰጠን።

ግን በእነዚያ ዓመታት የፊጥር ሌሊት መስጂድ በር ላይ «ኡስታዝ፣ ስፈሩልኝ» ላሉን ሁሉ የሰፈርነው በዚሁ እጅ ነበር። ስንት ሰው እንደነበር አልቆጠርንም። ከመካከላችሁ እኛ የሰፈርንለት ካለ፣ ወላሂ፣ መጥቶ ይንገረን።