ጃንዋሪ 1 ያልተወለዱት

እዚህ ስቶክሆልም በሱዳን በኩል የመጡ የኛ ሰዎች ለክርስትና ወይም ለሠርግ ሲሰበሰቡ መታወቂያ ቢያስተያዩ፣ የብዙዎቹ ልደት አንድ ቀን ላይ ይውላል፤ ጃንዋሪ 1። በ77ቱ ድርቅና በጦርነቱ ዘመን በመተማ ወይም በሑመራ ተሻግረው ገዳሪፍ የገቡ፣ ኡም ራኩባ መጠለያ የከረሙ ናቸው። የልደት ቀን የሚለው ሳጥን ባዶ መሆን አይችልም ነበር። መዝጋቢው ዓመቱን ገመተ፤ ወሩንም ቀኑንም አንድ አደረገው።

እኔ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው። በሙያዬ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ሳጥን ነው፤ የሌለን ነገር ምን ብለን እንመዝግበው?

አገር ቤት፣ በተለይ ገጠር፣ ትልቅ ሰው መቼ እንደተወለደ ሲጠየቅ ቀን ቆጥሮ ላይናገር ይችላል፤ ዝም ግን አይልም። «ጣልያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት» ይላል፤ «ከእገሌ በሁለት ክረምት እበልጣለሁ» ይላል። ክርስትና የተነሣበት ቀን ከታወቀ፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ፣ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ልደቱ ይገኛል። አክስቴ የተወለደችው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። እናቷ በዓሉ በመጣ ቁጥር እያነሣች ነግራታለችና ይህን አትጠራጠርም። ኅዳር 13 ማለት ነው። የጠፋው ዓመቱ ብቻ ነበር። ገዳሪፍ ላይ የተሞላላት ፎርም ግን ሙሉ ቀን ካልሆነ አይቀበልም። ስለዚህ የምታውቀው ወርና ቀን ተጥሎ፣ የማታውቀው ዓመት በግምት ተጻፈ። ይህን ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

የወረቀት ሥራ የለመደ ሰውም ለባዶ ቦታ ጥንቃቄ ነበረው። ደረሰኝ ሲቆረጥ ከመጨረሻው ዕቃ በታች የቀረው ቦታ እንዲሁ አይተውም፤ በሰያፍ ይሰመርበታል። «አይቼዋለሁ፣ እዚህ የሚጻፍ ነገር የለም፣ ማንም እንዳይጨምርበት» ማለት ነው። የተሰመረበት ባዶና ያልተሰመረበት ባዶ በነጋዴው ፊት አንድ አይደሉም።

ወደ ስዊድን ልመለስ። እዚህ ያለ የግል ቁጥር የባንክ ሒሳብ መክፈትም ቤት መከራየትም ከባድ ነው። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ይህ ቁጥር የሚጀምረው በልደት ቀን ነው፤ ቀጥሎ ባለ ሦስት አኃዝ ተራ ቁጥር፣ በመጨረሻም አንድ ማረጋገጫ አኃዝ ይመጣል። የተራ ቁጥሩ የመጨረሻ አኃዝ ለወንድ ኢተጋማሽ፣ ለሴት ተጋማሽ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ለተወለዱ ወንዶች የሚደርሰው 500 ያህል ቁጥር ብቻ ነው። እውነተኛ ልደት ለሚመዘገብበት ቀን ይበቃል። ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች ግን ጃንዋሪ 1 እና ጁላይ 1 ላይ ሲከማቹ የአንዳንዱ ዓመት ቁጥር አለቀ፤ ሌሎቹን በአጠገቡ ባለ ቀን መመዝገብ ግድ ሆነ። በግምት ላይ ሌላ ግምት ተደረበ።

የፕሮግራም ቋንቋዎችም በዚሁ መንገድ ነው ያለፉት። እንግሊዛዊው የኮምፒውተር ሊቅ ቶኒ ሆር በ1965 እ.ኤ.አ. አልጎል ደብሊው በተባለው ቋንቋ ውስጥ «ነል» የሚባለውን፣ ወደ ምንም የሚጠቁመውን ነገር አስገቡ። ለመሥራት ቀላል ስለነበረ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ባደረጉት ንግግር የቢሊዮን ዶላር ስህተት አሉት። የነል ችግር ባዶነቱ አይደለም፤ ያለ ነገር መስሎ መግባቱ ነው። ኮዱ ስም ይዣለሁ ብሎ የስሙን ፊደላት ሊቆጥር ሲሞክር ምንም ያጣና ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ተጠቃሚው እጅ ላይ ነው።

ስዊፍት፣ ረስትና ኮትሊን የተባሉት ቋንቋዎች ከ2014 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ተከታትለው ለሥራ ሲበቁ ይህን በር ዘጉት። ኮትሊንን ልውሰድ። ከዳታው ዓይነት ስም ጎን የጥያቄ ምልክት (?) ካላደረጋችሁ ያ ዳታ ባዶ ሊሆን አይችልም። ምልክቱን ካደረጋችሁ ደግሞ፣ መኖሩን ሳታጣሩ ልትጠቀሙበት ብትሞክሩ ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አይቀበለውም። ሁለት ቃለ አጋኖ (!!) ጽፎ ማለፍ ይቻላል፤ ትርጉሙ ግን «አለ ብያለሁ፣ ከሌለ ፕሮግራሙ ይውደቅ» ነው። የጥያቄ ምልክትና ሁለት ነጥብ (?:) የሚባልም አለ፤ ዳታው ከሌለ በምትኩ የሚገባውን ከጎኑ ትጽፋላችሁ።

እኔን የሚያስፈራኝ ይህ የመጨረሻው ነው። «የልደት ቀን ከሌለ ጃንዋሪ 1» ብላችሁ ብትጽፉ ኮምፓይለሩ ያለ አንድ ቅሬታ ይቀበላችኋል፣ ፕሮግራሙም ፈጽሞ አይወድቅም። የተሠራው ግን ገዳሪፍ ላይ በብዕር የተሠራው ነው። ቋንቋው ከመውደቅ ያድናችኋል፤ ከሐሰት መዝገብ አያድናችሁም። የሚወድቅ ፕሮግራም በዚያው ቀን ይታወቃል፤ ተመስሎ የገባ ቀን ግን የጡረታ ዕድሜ እስኪቆጠር ድረስ ማንም አይነካውም።

ባዶነትም ዓይነት አለው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በወራት ውስጥ ወደ 60 ሺህ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ፤ ኡም ራኩባ እንደገና ስደተኛ ተቀበለ፣ ቱናይድባም ተከፈተ። ወላጆቹን በመንገድ ያጣ ልጅ ሲመዘገብ «የእናት ስም» የሚለው ሳጥን ባዶ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ነው። ልጁ ገና አልተጠየቀ ይሆናል፤ ተጠይቆ አያውቅ ይሆናል፤ እያወቀ ፈርቶ ዝም ብሎ ይሆናል። የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ ሰው ለመጀመሪያው ተመልሶ ይጠይቃል፣ ለሁለተኛው ጎረቤት ይፈልጋል፣ ለሦስተኛው ጊዜ ይሰጣል። ዳታቤዙ ሦስቱንም አንድ ነል ካደረጋቸው የሚሄድበት መንገድ ይጠፋዋል። ረስት ላይ እያንዳንዱን ሁኔታ በስሙ አውጆ፣ አንዱን የዘለለ ኮድ እንዳያልፍ ማድረግ ይቻላል።

በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ ያለው ፋሽጋ ደግሞ የባሰ ጥያቄ ያመጣል። የ1902 እ.ኤ.አ. የድንበር ስምምነትና በዓመቱ ሻለቃ ቻርልስ ግዊን ያሰመሩት መስመር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ለዓመታት ሰሊጥና ማሽላ ያረሱበት መሬት ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ሲገባ ብዙዎቹ ለቀው ወጡ። እዚያ እርሻ ላይ የተወለደ ሕፃን ፎርም ሲሞላለት «የትውልድ አገር» የሚለው ዝርዝር ውስጥ «ያልተወሰነ» የሚል ምርጫ ከሌለ፣ ሁለት መንግሥታት ያልጨረሱትን ክርክር አንድ መዝጋቢ በአንድ ክሊክ ይጨርሰዋል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ስደቱ አቅጣጫ ቀየረ፤ ከገላባት ወደ መተማ ተሻግረው ከመጡት ብዙዎቹ በአማራ ክልል ኩመር መጠለያ ተመዘገቡ። አሁን ብዙ ፎርም የሚሞላው ታብሌትና ስልክ ላይ ነው፤ የአንድሮይድ መተግበሪያ ከሚሠሩ የአገራችን ወጣቶችም ብዙዎቹ ኮትሊን ይጽፋሉ። የምለምናቸው ይህን ነው። ዓመት፣ ወርና ቀን ለየብቻቸው ይቀመጡ፤ ሦስቱም የጥያቄ ምልክት ይኑራቸው። ዓመቱ ግምት ከሆነ ግምት መሆኑ አብሮ ይጻፍ። ቀኑ የተነገረው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይያዝ፣ ያለዚያ ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ሌላ ቀን ይሰጠዋል። ዓለም አቀፉ የቀን አጻጻፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 8601፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ ክፍሉ ያልታወቀ አኃዝ በምልክት እንዲተካ ፈቅዷል። ደረጃው የሚሠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቢሆንም፣ ይኸው ዘዴ በኛ አቆጣጠር ቢሠራበት የአክስቴ ልደት ዓመቱ ክፍት ሆኖ፣ ወሩና ቀኑ እንዳለ መመዝገብ ይችል ነበር።