አንድ መስኮት፣ ሦስት ሽቦ



በቅርቡ ከእናንተ ዘንድ ለሕክምና ወደ ካምፓላ መጥተው እኛ ቤት የሰነበቱ አንድ ወንድማችን ሲመለሱ ጥያቄ ጥለውብን ሄዱ። «የአዳራሻችን ቴሌቪዥን አንድ ነው። ሪሲቨር አለን፣ ዲቪዲ አለን፣ ልጆቹ ደግሞ ጌም አምጥተዋል። እንዴት አድርገን ባንድ ላይ እናያይዘው? በየማታው ሽቦ ስንነቅልና ስንሰካ ተጣልተን ልናልቅ ነው» አሉን። ጥያቄው ሲሰሙት የሽቦ ነገር ብቻ ይመስላል። እኛም ሙየንጋ ላይ እንዲሁ መስሎን ነበር። ስለዚህ መልሱን ከቤታችን ታሪክ ጋር በዚህች በእጅ በምትጻፍ ወረቀታችን ላይ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ሙየንጋን ላላያት፣ ከካምፓላ መሀል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያለች ከፍ ያለች ኮረብታ ናት። አናቷ ላይ የከተማው የውሃ ማጠራቀሚያዎች ስላሉ «ታንክ ሂል» ይሏታል። ከላይ ሆነው ሲመለከቱ የቪክቶሪያ ሐይቅ ይታያል። ከግርጌዋ ካባላጋላ አለች፤ እንጀራና ቡና የናፈቀው የአገራችን ሰው የሚወርደው ወደዚያ ነው። በኮረብታዋ ላይ ያሉት ቤቶች የባለጸጎች ናቸው፤ እኛ ግን የምንኖረው ከአንድ ትልቅ ግቢ ጓሮ፣ ሁለት ክፍል ባለው ሰርቪስ ቤት ነው። አራት ነን። ጋሼ የወሎ ሰው፣ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ዘመዶቻቸው ቆቦ ናቸው። እትዬ የመቀሌ ሰው ናቸው፤ እንጀራ ጋግረው ለካባላጋላ ምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ሦስተኛው ልጃችን ነው፤ የማናችንም ልጅ ስላልሆነ የሁላችንም ሆኗል። አራተኛው ይህን የሚጽፈው፣ አገር ቤት በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው መምህር ነው።

ቴሌቪዥናችን ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ትቶት የሄደ፣ ባለ ሆዱ ዓይነት ነበር። ከጀርባው አንድ የአንቴና ቀዳዳና አንድ ረድፍ ባለ ሦስት ቀለም ቀዳዳ ብቻ አለው፤ ቢጫው ለሥዕል፣ ቀዩና ነጩ ለድምፅ። ወደዚያች አንዲት ረድፍ የሚመጡት እንግዶች ግን ሦስት ነበሩ፤ የጋሼ ሪሲቨር፣ የእትዬ ዲቪዲ ማጫወቻና የልጁ አሮጌ ፕሌይስቴሽን። አንዱ ይሰካ ዘንድ ሌላው መነቀል ነበረበት።

ይህ ሁሉ በደኅናው ጊዜ ያስቀን ነበር። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ግን፣ ለወራት ጋብ ብሎ የቆየው የሰሜኑ ጦርነት እንደገና ሲቀሰቀስ ሳቁ ቀረ። ጋሼ የቆቦን ወሬ ለመስማት ከምሽቱ 2 ሰዓት ዜና በፊት ሪሲቨሩን ሰክተው ይጠብቃሉ። እትዬ ደግሞ ያን ዜና መስማት አይወዱም፤ መቀሌ ያሉት እኅቶቻቸው ስልክ ከተቋረጠ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዜናው የሚናገረው ስለ ድል እንጂ ስለ እነርሱ አይደለም። ስለዚህ ጋሼ ውሃ ሊጠጡ ብድግ ሲሉ ቢጫው ሽቦ ተነቅሎ ይገኛል። ማንም «እኔ ነኝ» አይልም፤ ማን እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመንገደኛ እጅ አንድ ዲስክ መጣ። በሚያዝያ ወር የተዳረችው የእትዬ ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ነበር። እናት ያልተገኘችበትን ሠርግ ለማየት እትዬ ራሳቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቡና አፍልተው ተቀመጡ። ሙሽራዪቱ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ስትል 2 ሰዓት ሆነ። ጋሼ ብድግ አሉና ሽቦውን ነቀሉት። እትዬ አልጮኹም። ሲኒዎቹን ለቃቅመው ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ ማታ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ጋሼና እትዬ በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይነጋገሩ ኖሩ፤ «ጨው አቀብሉ» እንኳ በእኛ በኩል ነበር የሚያልፈው።

እርቅ ያመጣ መስሎት ልጁ አንድ ዘዴ ፈጠረ። የሦስቱን ቢጫ ሽቦዎች ጫፍ ልጦ፣ አንድ ላይ ጠምዝዞ፣ በአንድ መሰኪያ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ከተተው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ከፈታቸው። መስኮቱ ላይ የታየው አንበሳም ሙሽራም አልነበረም። የዜና አንባቢው ፊት ከኳስ ሜዳው ጋር ተደራርቦ ከላይ ወደ ታች ይንከባለላል፤ ቀለሙ ሟሟ፤ ምንም የሚለይ ነገር ጠፋ።

ምክንያቱን ኋላ አስረድተነዋል፤ እናንተም ብታውቁት ይጠቅማችኋል። በፓል ሥርዓት፣ ማለት አገራችንም ኡጋንዳም በተጠቀሙበት፣ ቴሌቪዥኑ አንዱን ሥዕል በ625 መስመር ይከፍለዋል፤ በየሰከንዱም 25 ሥዕል ያሳያል። መስመሩ ወይም ሥዕሉ መቼ እንደሚጀምር የሚያውቀው መሣሪያው ከሥዕሉ ጋር በሚልክለት ምልክት ነው። ሦስት መሣሪያዎች በየራሳቸው ሰዓት «አሁን ጀምር» ቢሉት የትኛውን ይስማ? ከዚህም ሌላ የአንዱ መሣሪያ መውጫ ከሌላው መውጫ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ እርስ በርሳቸው ኃይል ይሻማሉ፤ ሥዕሉም ይደክማል። ስለሆነም ሽቦን ያለ መራጭ ማያያዝ አንድ ማድረግ አይደለም።

እንግዲህ ጭቅጭቁና መነቃቀሉ ሲደጋገም ቢጫው ቀዳዳ ከውስጥ ብየዳው ለቀቀ። ቴሌቪዥኑን በቦዳ ቦዳ ጭነን ካባላጋላ ወዳለ ራዲዮ ጠጋኝ ወረድን። ሰውየው ቀዳዳውን መልሶ በየደና ከመደርደሪያው አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ሣጥን አወረደ። ከኋላዋ ሦስት ረድፍ መግቢያና አንድ ረድፍ መውጫ፣ ከፊቷ ሦስት ቁልፎች አሏት። አንዱን ሲጫኑት የተጫነው ሌላ ቁልፍ ቀጭ ብሎ ይወጣል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ያልፋል። ኤሌክትሪክ አትፈልግም። ዋጋዋም ከአንድ ቀን የእንጀራ ሽያጭ አይበልጥም ነበር። ሦስት ሳምንት ያኮራረፈን ነገር ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን ስናይ አፈርን።

ሆኖም ሣጥኗ ብቻዋን አላስታረቀችንም። ቤት እንደደረስን ጥያቄው ሽቦውን ከመንቀል ቁልፉን ወደ መጫን ዞረ። ማን ነው የሚጫነው? እዚህ ላይ የትምህርት ቤት ዘመናችን ትዝ አለን። እኛ በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል የገባን ሰዎች የፕላዝማ ልጆች ነን። በዚያን ጊዜ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ትምህርቱም በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣ ጀመር። ለክፍሉ መምህር ከመጀመሪያና ከመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ይተውለታል፤ የቀረውን ጊዜ መስኮቱ ይናገራል። ያልገባን ነገር ቢኖር እጅ አውጥተን አናስቆመውም፤ መምህሩም አያስቆመውም። እኛ ባንሰማም ሥዕሉ ይሄዳል። ያን ጊዜ የተማርነው ነገር ቢኖር፣ ከፊቱ የተቀመጡ ሰዎች ሊያቆሙት የማይችሉት መስኮት ምን ያህል ብቸኛ እንደሚያደርግ ነው። በቤታችን ደግሞ ያንኑ እርስ በርሳችን ልናደርገው ነበር።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ቀደድንና ተራ ጻፍን። ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል የጋሼ፤ ከዚያ እስከ 3 ሰዓት ተኩል አንድ ቀን የእትዬ፣ አንድ ቀን የልጁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በስምምነት። ቁልፉን የሚጫነው ተራውን የሚለቀው ሰው ነው፤ ተረኛው አይደለም። ይህን አንቀጽ ያመጣው ልጁ ነበር። «ሲለቁ የሚጫኑ ከሆነ ማንም ተነጠቅሁ አይልም» አለ። እኛ መምህር ተብለን ያላሰብነውን አሰበ።

የመጀመሪያው ማታ የእትዬ ተራ ነበር። ጋሼ ዜናቸውን ጨረሱና ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው ሁለተኛውን ቁልፍ ተጫኑ። «ይመልከቱ፣ እትዬ» አሉ፤ በሦስት ሳምንት የመጀመሪያው ቃላቸው ነው።

ሙሽራዪቱ ጎንበስ ብላ ጉልበት ሳመች። በእናት ወንበር የተቀመጡት ሴት አለቀሱ። ጋሼ «እኒህ ሴትዮ እኅትዎ ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«የለም፤ ጎረቤት ናቸው» አሉ እትዬ። «እኅቶቼማ መቀሌ ናቸው። መንገዱም ስልኩም ዝግ ነው፤ ልጂቱ መዳሯንም አልሰሙ።»

ጋሼ ዝም አሉ። ቆይተው «የእኔም እኅት ከቆቦ ወጥታለች ይባላል። የት እንደገባች ግን የነገረኝ የለም» አሉ። እትዬ ወደ እሳቸው ዞረው «እግዜር ያውጣት» አሉ፤ ጋሼም «የእርስዎንም» አሉ። ሠርጉን እስከ መጨረሻው አየን። ከዚያ በኋላም ማናችንም ቁልፍ አልነካንም።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላሙ ስምምነት ሲፈረም ዜናውን አብረን አየን። ዛሬም በፖለቲካ አንስማማም፤ ሙግቱ አንዳንዴ ቡናውን ያቀዘቅዘዋል። ሽቦ ግን የሚነቅል የለም።

አሁን ወደ እናንተ አዳራሽ እንመለስ። መጀመሪያ የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ ተመልከቱ። ባለ ሦስት ቀለም ቀዳዳ ብቻ ካለው ከላይ የነገርናችሁን ዓይነት መምረጫ ግዙ፤ ቀለሙን ከቀለሙ አገናኙ። ጠፍጣፋው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኤችዲኤምአይ የሚሉት ሰፊና ቀጭን ቀዳዳ ይኖረዋል፤ በርከት ካሉ እያንዳንዱን መሣሪያ በየራሱ ቀዳዳ ሰክታችሁ በሪሞቱ «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» በሚለው ቁልፍ ትመርጣላችሁ። ቀዳዳው አንድ ብቻ ከሆነ «ኤችዲኤምአይ ስዊች» በሉና ግዙ። ተጠንቀቁ፤ «ስፕሊተር» የሚባለው መልኩ ይመሳሰላል፣ ሥራው ግን ተቃራኒ ነው፤ እርሱ አንዱን መሣሪያ ለብዙ ቴሌቪዥን ያካፍላል። ባለ ሦስት ቀለም መውጫ ያለውን አሮጌ መሣሪያ ኤችዲኤምአይ ብቻ ካለው ቴሌቪዥን ጋር ለማገናኘት መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ እርሱም ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለው ይሁን፤ በተቃራኒው የሚሠራው አይሆናችሁም።

የምትጠቀሙት በሶላር ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። መምረጫው ሥዕልን ይመርጣል እንጂ መሣሪያውን አያጠፋም፤ ያልተመረጠውም ባትሪያችሁን ይበላል። በየመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን ዋት ደምሩ፤ ተራ ያልደረሰውን አጥፉ። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ መብረቅ የበዛ ስለሆነ ደመናው ሲከብድ የዲሹንም የመብራቱንም ሽቦ ንቀሉ። በየሽቦው ጫፍ ፕላስተር ጠቅልላችሁ የመሣሪያውን ስም በአማርኛ ጻፉበት።

ከሁሉ በፊት ግን ተራውን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ቁልፉንም የሚለቀው ሰው ይጫነው። እኛ ሣጥኗን ቀድመን ብንገዛም የጠቀመችን ወረቀቷ ከተጻፈች በኋላ ነው። አዳራሹ ሲሠራላችሁ በዚያው ወንድማችን በኩል ላኩብን፤ እትዬ ያን ዲስክ ይዘው ሊጠይቋችሁ ይፈልጋሉ።

ደኅና ሰንብቱ።