ከ24ቱ አምስቱ

የስታር ትሬክን ሦስተኛ ዓመት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልይ የሚል ተማሪ ካለ በበኩሌ አልመክረውም። 24 ክፍል ነው። አንዱ ክፍል ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ሲደመር ሃያ ሰዓት መሆኑ ነው። በሃያ ሰዓት አንድ ኮርስ ከነወርክሺቱ ተነቦ ያልቃል። እኔ ሁሉንም አይቻለሁ። ለምን አትበሉኝ፤ ክረምቱ ረጅም፣ ላፕቶፑም የሰው ነበር። ይሁንና «እሱ ዓመት ቆሻሻ ነው፣ ዝለለው» የሚሉኝን የዶርም ጓደኞቼንም አልቀበልም። ቆሻሻ መኖሩን ማን ካደ? ጥያቄው በቆሻሻው መካከል ምን ወድቋል ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። ስታር ትሬክ ኢንተርፕራይዝ ስለምትባል የጠፈር መርከብና ስለ ባልደረቦቿ የሚተርክ የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድርሰት ነው። ካፒቴኑ ከርክ ነው። ምክትሉ ጆሮው የሾለው ስፖክ ሲሆን ስሜቱን የማያሳይ፣ ሁሉን በሎጂክ የሚመዝን ፍጡር ነው። ሐኪሙ ማኮይ ደግሞ አፉ ቁጡ፣ ሆዱ ግን ቡቡ። ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1966 ጀመረው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሊዘጋ ነው ተብሎ ሲወራ ተመልካቹ ደብዳቤ በደብዳቤ አደረጋቸው፤ ጣቢያውም ቀጠለው። ታዲያ እንዴት ቀጠለው? ዓርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ወጣቱ ሁሉ ከቤት በሚወጣበት ሰዓት አስቀመጠው። በጀቱም ተቀነሰ። ፈጣሪው ጂን ሮደንበሪ ከዕለት ተዕለቱ ሥራ ራቀና ፍሬድ ፍራይበርገር የሚባል አዘጋጅ ተረከበው። የመጨረሻው ክፍል እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1969 ታየ፤ ከዚያ ሰባት ሳምንት ሳይሞላ ሰው ጨረቃን ረገጠ።

መምረጥ ግድ የሆነብኝ በታናሽ እህቴ ምክንያት ነው። ደሴ ናት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። የተፈጥሮ ሳይንስ መርጣ «ስለ ከዋክብት ካልተማርኩ» ትላለች። አንድ ዘመዳችን፣ ይቅር ይበለውና፣ «ሴት ልጅና ኮከብ ምን አገናኛቸው?» ብሏት ሦስት ቀን አኩርፋ ከረመች። ልልክላት ያሰብኩት ፍላሽ ሁለት ጊጋ ነው፤ አንዱ ክፍል 350 ሜጋ ያህል ስለሚይዝ ከአምስት በላይ አይችልም። እንግዲህ አምስት።

መጀመሪያ የሚጣለውን ልጣል። የዓመቱ መክፈቻ «የስፖክ አንጎል» ነው። አንዲት ሴት መርከቧ ላይ ድንገት ብቅ ብላ የስፖክን አንጎል ሰርቃ ትሄዳለች። አንጎል የሌለው ስፖክም በሪሞት እየተነዳ እንደ አሻንጉሊት ጓደኞቹን ይከተላል። በመጨረሻ ማኮይ አንጎሉን ሲመልስለት፣ ቀዶ ጥገናው ሳያልቅ በሽተኛው አፉን ይከፍትና ሐኪሙን ይመራው ጀመር! የሕክምና ተማሪ የሆነው የዶርም ጓደኛችን እዚህ ላይ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። «ወደ ኤደን የሚወስደው መንገድ» የተባለውም የጠፈር ሂፒዎች ዘፈን ነው፤ ዘፈኑ አያልቅም። ይለፈን።

ከመክፈቻው በሳምንቱ የታየው «የኢንተርፕራይዝ ጉዳይ» ግን ሌላ ነው። ከርክ ያበደ መስሎ መርከቧን ወደ ጠላት ክልል ይነዳታል፤ ኋላ ነገሩ ስለላ ሆኖ ይገኛል። ሮሙላኖች መርከብን ከዓይን የሚሰውር መሣሪያ አላቸው፤ እርሱን ሊሰርቁ ነው የመጡት። እ.ኤ.አ. በጥር 1968 ሰሜን ኮሪያ ፑዌብሎ የተባለችውን የአሜሪካ የስለላ መርከብ ይዛ ነበር። ይህ ክፍል በመስከረም ሲታይ 82ቱ መርከበኞች ገና አልተፈቱም፤ የተፈቱት በታኅሣሥ ነው። ታዲያ በዚያ ሰሞን «ሌቦቹ የኛዎቹ ናቸው» ብሎ ማሳየት ቀላል ነገር አልነበረም። የጠላት አዛዥም ሴት ናት፤ ብልህ፣ ኩሩ፣ በስፖክ ሽንገላ የተሸነፈች። ስታዩት ለማን እንደምታዝኑ ይጠፋችኋል። አንድ አልኩ።

በሁለተኛው ላይ ዶርማችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «የመጨረሻው የጦር ሜዳችሁ» ይግባ አለ። ታሪኩ የታወቀ ነው፤ ፊታቸው ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች ለ50,000 ዓመት ይሳደዳሉ። ከርክ «ልዩነታችሁ ምንድነው?» ቢል፣ አንዱ በቀኝ በኩል ጥቁር ሲሆን ሌላው በቀኝ በኩል ነጭ መሆኑ ነው። አገራቸው ሲደርሱ ሰው ሁሉ ተፋጅቶ አልቋል፤ እነርሱ አሁንም ይሯሯጣሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ሰባኪ ነው። በማግሥቱ ለቁርስ ተሰልፈን «በቀኝ ጥቁር የነበረው የትኛው ነው?» ብዬ ብጠይቅ አንድም ያስታወሰ አልነበረም። ደራሲው ይህን ቢሰማ ደስ ይለው እንደሁ እንጃ።

እኔ የመረጥኩት «የርግቧ ቀን» የሚለውን ነው። ከጥላቻ ቀለብ የሚሰፈርለት አንድ የብርሃን ፍጡር መርከቧ ውስጥ ይገባል። ኢንተርፕራይዞችንና ጠላቶቻቸውን ክሊንጎኖችን በአንድ ግቢ ይዘጋባቸዋል፤ በእጃቸው ሰይፍ ያስይዛቸዋል፤ ያልተፈጸመ ግፍ በትዝታቸው ይተክላል። አንደኛው መርከበኛ የወንድሙን ደም ልመልስ ብሎ ይነሣል፤ ለካስ ከነአካቴው ወንድም ኖሮት አያውቅም። የቆሰለው ይድናል፣ ጠቡ እንዳያልቅ። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ከተማሪ በብሔር ተጋጭቶ የሰው ሕይወት መጥፋቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ክፍላችን ውስጥ በአራት ቋንቋ እናልማለን። ያ ሰው የሌለ ወንድሙን ሲያለቅስ ማንም ኮርኒስ እንጂ ጓደኛውን ቀና ብሎ አላየም። ደግሞ መፍትሔው የሚያስቅ ነው፤ በጥሬ ትርጉሙ ማለቴ ነው። ሁለቱ አዛዦች ሰይፋቸውን ጥለው በግድ፣ እያስመሰሉ፣ ይስቃሉ፤ ፍጡሩም ቀለቡ ሲቋረጥበት ወጥቶ ይሄዳል። ማስመሰሉን ነው የወደድኩት። ፍቅር ይውረድባችሁ አላላቸውም።

«የቶሊያኖች ድር» ሦስተኛ ነው። ከርክ በሁለት ዓለማት መካከል ጠፍቶ ሞተ ሲባል ስፖክና ማኮይ ይናቆራሉ፤ ከርክ «ብሞት ስሙት» ብሎ የቀረጸላቸውን ቃል አብረው ያያሉ። ከርክ ሲመለስና ሲጠይቃቸው ግን «ጊዜ አላገኘንም፣ አላየነውም» ይሉታል። ያ የማይዋሽ ስፖክ! ለዚያች ውሸት ብቻ 350 ሜጋ ይገባታል።

አራተኛው የሚታየው በጨለማ ውስጥ ነው። ገንዘብ ስላልነበረ ስቱዲዮውን በጥቁር ሸፍነው ጥቂት ዕቃ ብቻ አኖሩበት፤ ከቲያትር ቤታችን መድረክ አይበልጥም። አንዲት መናገር የማትችል ልጅ የሌላውን ቁስል እየዳሰሰች ወደ ራሷ ትወስዳለች። ቢቢሲ ለብዙ ዓመታት ይህን ክፍል አላሳይም ብሎ ነበር፤ ሥቃዩ በዛ በሚል። በዛ እንዴ? እኔን ያስጨነቀኝ ሥቃዩ ሳይሆን ልጅቷ እጇን ዘርግታ፣ ፈርታ፣ የምትመልሳት ቅጽበት ናት።

አምስተኛውን «ትናንቶቻችን ሁሉ»ን ግን ማንም ተማሪ ሳያየው እንዳይመረቅ። ርእሱ ከሼክስፒር ማክቤዝ የተወሰደ ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን። የአንዲት ፕላኔት ፀሐይ በሰዓታት ውስጥ ልትፈነዳ ነው። ከርክ፣ ስፖክና ማኮይ ሕዝቡን ፍለጋ ሲወርዱ የሚያገኙት አንድ ቤተ መጻሕፍትና አንድ ሽማግሌ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛው ፊደል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ ማለት ነው፤ በእኛ ከሀ እስከ ፐ። ሕዝቡስ? ወደፊት መሄጃ ስላጣ እያንዳንዱ ከመደርደሪያው የወደደውን ያለፈ ዘመን መርጦ ገብቶበታል። ሽማግሌው ሌላውን ሁሉ ከሸኘ በኋላ ነው በመጨረሻ የሚገባው። እኔ ይህን ሳይ የእኛ ላይብረሪ ሲዘጋ መብራት የሚያጠፉት አባት ትዝ አሉኝ።

ስፖክና ማኮይ በስሕተት በረዶ ዘመን ውስጥ ይወድቃሉ። እዚያ በግፍ የተጋዘች ዛራቤት የምትባል ሴት ብቻዋን ትኖራለች። ስፖክ አምስት ሺህ ዓመት ወደኋላ ስለሄደ ሕዝቡ በዚያን ጊዜ የነበረውን አረመኔነት ይለብሳል፤ ሥጋ ይበላል፣ ይቆጣል፣ ያፈቅራል። መመለሻው በር ሲገኝ እርሷ ብታልፍ ትሞታለች። ጥለዋት ይሄዳሉ። ሊዮናርድ ኒሞይ በዚያ በር ላይ ፊቱን እንዴት እንደያዘው በቃል አልነግራችሁም።

መርጬ ከጨረስኩ በኋላ የጸሐፊዎቹን ስም አየሁ። የመጀመሪያው የዲ.ሲ. ፎንታና ነው፤ ዶሮቲ ትባላለች፤ ሴትነቷ በር እንዳይዘጋባት ስሟን በፊደል አሳጥራ ነው የጻፈችው። ድሩን ጁዲ በርንስ ከአንድ ወንድ ባልደረባዋ ጋር፣ ዲዳዋን ልጅ ጆይስ ማስካት፤ የመጨረሻውን ጂን ሊዜት አሮስት፤ እርሷም ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። ከአምስቱ አራት! የዓመቱ ማሳረጊያ ግን፣ የታሪኩ ሐሳብ የራሱ የሮደንበሪ የሆነው፣ ሴት ካፒቴን መሆን አይፈቀድልሽም ተብላ በቅናት ያበደች ሳይንቲስት የከርክን ገላ ስትሰርቅ ያሳየናል። ኡሁራን የመሰለች ጥቁር ሴት፣ ስሟ ከስዋሂሊ «ነጻነት» የመጣ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ መርከቧ ላይ ባስቀመጠ ድርሰት! እርሱን ክፍል ፍላሹ ላይ ላለመጫን ለአፍታም አላመነታሁም። ዘመዳችን ቀድሞ ነግሯታል።

ፍላሹ በክፍል ጓደኛዬ እጅ ደሴ ገባ። በሳምንቱ ደወለችልኝ። ስለ ዛራቤት ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ጋሼ፣ 24 ነው ብለኸኝ አልነበር? የቀሩት 19ኙስ?» አለች። የማይረቡ ናቸው ብዬ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ የመጨረሻው ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ። «እሱን ላክልኝ» አለች፣ «ምን እንዳሉ ራሴ ልየው»።

ፍላሹ ገና አልተመለሰም።